የለገሀሩ አንበሳ የማን ነው?

ከጅቡቲ ከተማ ተሳፍሮ 784 ኪሎ ሜትር በምድር ባቡር የተጓዘ መንገደኛ አዲስ አበባ ደርሶ ከጣቢያው ሲወጣ በቅድሚያ የሚቀበለው በከፍታ ላይ የቆመ አንበሳ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሕዝቡ «ላ ጋር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ወስዶ ጣቢያውን «ለገሀር» አለው። አንበሳውን የቀረጸውም ፈረንሳዊ ነው። ይሁንና የሠሪውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። «የዘውድ ጌጥ፣ የባዕድ እጅ ሥራ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉ ወገኖችም አልታጡም። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

ቀራጺው ጆርጅ ጋርዴ እ.ኤ.አ. በ1863 በፓሪስ ተወለደ። አባቱም ቀራጺ ነበር። ጋርዴ የአራዊትን ጡንቻና ቁጣ በድንጋይና በነሐስ በመግለጽ ስም ያተረፈ ባለሙያ ነው። በፓሪስ በአሌክሳንደር 3ኛ ድልድይ በሴን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ የቆሙት አንበሶች የእርሱ ናቸው። በካናዳ፣ በማኒቶባ ምክር ቤት ጉልላት ላይ ችቦ ይዞ የሚሮጠው «ወርቃማው ልጅ»ም የእርሱ ሥራ ነው። ይህ ሐውልት ወደ ስፍራው ከመድረሱ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ያመላልስ በነበረ መርከብ ሆድ ውስጥ ሆኖ አትላንቲክን ደጋግሞ እንዳቋረጠ ይነገራል።

የለገሀሩ አንበሳ ዕጣ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ሆነ። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በ1923 ዓ.ም. ቆሞ ብዙ ሳይቆይ ፋሽስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወረረች፤ አንበሳውም ተነቅሎ ወደ ሮማ ተጋዘ፤ በዚያም የድል ምርኮ ተደርጎ በአደባባይ ቆመ። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ወጣት ዘርአይ ደረስ ምርኮኛውን አንበሳ በሮማ አየ። ተንበርክኮ እንደጸለየና ሊያስነሡት በመጡት ላይ ሰይፍ እንደመዘዘ ታሪኩ ይነገራል። ቆስሎ ተያዘ፤ ዳግመኛም አገሩን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1945 በኢጣሊያ ምድር አረፈ። ጋርዴ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሞት የእጁ ሥራ ገና በምርኮ ላይ ነበር።

እንግዲህ አንበሳው የማን ነው? ያሠራው ዘውድ ነው፤ የሠራው ፈረንሳዊ ነው፤ ደሙን ያፈሰሰለት ግን ሹመትም ሀብትም ያልነበረው ወጣት ነው። ሐውልት በቀራጺው እጅ ቅርጽ ቢያገኝም ትርጉሙን የሚያገኘው ከሕዝብ ነው። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ስፍራው ተመልሷል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የዘውድ ምልክት ነውና ይነሣ የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ አርበኞች ለዘርአይ መታሰቢያነት እንዲቆይ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውም ተሰማ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። የሠሪውን ስም መጥራትም ክብራችንን አይቀንስም፤ ባለሙያን ማክበር ራስን ማክበር ነውና።

ዛሬ የቀድሞው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ለገሀር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፋሪውን የሚያወርደው ከከተማው መሐል ራቅ ብሎ ነው፤ በጅቡቲም በኩል የሚነሣው ከከተማው ወጣ ካለው ከናጋድ ጣቢያ ነው። አንበሳው መንገደኛውን መቀበል ካልቻለ ታሪኩ መንገደኛው ወዳለበት ሊሄድ ይገባል። በሁለቱም ጫፍ ባሉት ጣቢያዎች የአንበሳው ሥዕል ቢሰቀል፣ ከሥሩም የጆርጅ ጋርዴና የዘርአይ ደረስ ስም ጎን ለጎን ቢጻፍ ወጪው ጥቂት፣ ትምህርቱ ግን ብዙ ነው። አንዱ በመሮ ቀረጸው፤ ሌላው በደሙ የእኛ አደረገው።