እጅ እየደነዘዘ ጀግንነት የለም



በኤምኤምኤ ፍልሚያ ወዳጆች ዘንድ የሚወራውን «ጀግና ሕመም አይቆጥርም» የሚል ወሬ አንቀበልም።

የቀድሞውን የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ኬይን ቬላስኬዝን እንይ። ወገቡ ላይ የበቀለ ትርፍ አጥንት ነርቩን እየተጫነ ያሰቃየው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30፣ 2016 ሊፋለም ተዘጋጀ፤ የቀዶ ጥገና ቀጠሮው ደግሞ ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ነበር! ያስቆመው የኔቫዳ ግዛት የስፖርት ኮሚሽን ነው። አልጀሜን ስተርሊንግም ቀበቶውን ባገኘበት በ2021 የአንገቱን ዲስክ በሰው ሠራሽ አስቀይሯል።

«ሕግ አለው እኮ» ትሉን ይሆናል። አዎ፣ አከርካሪን መምታትም ሆነ ተጋጣሚን አንስቶ በጭንቅላቱ መሬት ላይ መትከል ክልክል ነው። ነገር ግን አንገት የሚያልቀው በየቀኑ ልምምድ ሲወድቁ፣ ሲታነቁና ሲጠመዘዙም ጭምር ነው። እዚያ ዳኛ የለም።

«ፈቅዶ ነው የገባው» ለምትሉም፦ ካልተፋለመ የማይከፈለው ሰው ሕመሙን ቢደብቅ ምን ይገርማል?

ስፖርት ሥሩ፣ ደስ ይለናል። ግን እጃችሁ ሲደነዝዝ፣ ሕመሙ ከአንገት ወደ ክንድ ሲወርድ፣ አሠልጣኙ «ቻለው» ቢልም አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሰውነታችን አማና ነው፤ ለጭብጨባ የሚሸጥ አይደለም።