የአዳራሻችንን ዘንባባ የሚገድለው ማን ነው?



በአዳራሻችን ውስጥ በሳክሲያ የተተከሉ አራት ዘንባባዎች ነበሩን። ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እነሱም ቅጠላቸው ገለባ መስሏል። ባለፈው ስብሰባ ነገሩ ሲነሣ አንዳንድ አባሎቻችን «ተባይ ነው፣ መድኃኒት ይረጭበት» ብለው ወሰኑ። ወሰኑ ስንል እጅ ሳይወጣ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ማለታችን ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ አባል ለጥጥ እርሻ የሚሆን መርዝ በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድቶ አመጣና ረጨ። የተረፈውንም ከሳክሲያው ኋላ ሸጎጠው።

ቅዳሜ በአዳራሹ ለቅሶ ነበረ። አንድ ሕፃን ውሃ መስሎት ክዳኑን ከፍቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ሻይ የሚያቀርቡት እናታችን ደርሰው ከእጁ ነጠቁት። እንዴ! ለአንድ ዘንባባ ተብሎ ሌላ ለቅሶ ልንቀመጥ ነበር እኮ። ይህንን ዝም ብለን አናልፍም።

በመጀመሪያ መርዝን መድኃኒት ብለን መጥራታችን ራሱ አታሎናል። መድኃኒት የተባለ ነገር ማን ይፈራል? ደግሞም «ድሮ ቤታችን ዲዲቲ ሲረጭ ምን ሆንን?» የሚሉ አሉ። ድሮ ዲዲቲ የሚረጨው ለወባ ነበር። የሠለጠነ ሰው ነበር የሚረጨው፤ ምግብና ዕቃ ከቤት ይወጣ ነበር። እሱንም ቢሆን ትንኟ ስለለመደችው አገራችን በ2002 ዓ.ም. ግድም ለቤት ርጭት መጠቀሙን ትታዋለች። የተተወን ነገር ምስክር አድርጎ መጥራት ክርክር አይባልም።

አሁን ወደ ተባዩ እንምጣ። እኛ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዘን ቅጠሉን መታ መታ አደረግነው። በወረቀቱ ላይ ነቁጥ የሚያካክሉ ነገሮች መሄድ ጀመሩ። እነዚህ ስምንት እግር ያላቸው፣ የሸረሪት ዘመዶች ናቸው፤ ነፍሳት አይባሉም። ስለዚህ ብዙው የነፍሳት መርዝ አይነካቸውም። እንዲያውም እነሱን የሚበሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚፈጅላቸው፣ ከተረጨ በኋላ ይብስባቸዋል። የረጨው ሰው ለተባዩ ዘበኛ ቀጠረለት ማለት ነው።

ይሄ ተባይ የሚወደው ድርቅ፣ ሙቀትና አቧራ ነው። በበጋ የሲቀላን ሙቀት፣ የአዳራሻችንን ቆርቆሮ ጣራና በመስኮት የሚገባውን አቧራ ለምታውቁ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚጠላው ውሃ ነው። ሳክሲያውን ወደ ጥላ አውጥቶ ቅጠሉን በተለይ ከሥር በኩል ማጠብ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ በጨርቅ መወልወል፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥለዋልና አይሆንም። እንቁላሉ እየተፈለፈለ ስለሚመጣ ሥራው በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ያህል ይደጋገም። ግንዱ ላይ ምስር መስሎ የሚለጠፈውና እንደ ጥጥ የሚነጣው ተባይም በጨርቅና በሳሙና ይለቃል። ይህ ሁሉ የስንት ብር ወጪ ነው?

ሁለቱ የደረቁት ግን በተባይ የሞቱ አይደሉም። ነቅለን አየናቸው፤ ሥራቸው በስብሷል። በአዳራሹ የሚያልፈው ሁሉ የተረፈውን ውሃ፣ አንዳንዱም ሻዩን ይደፋባቸዋል፤ የሳክሲያው ቀዳዳ ደግሞ ተደፍኗል። ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ እርጥበት ካገኘ ውሃ አይጨመር። ከሥር ባለው ሳህን የሚጠራቀመውም ይደፋ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጎረቤታችን ወላይታ፣ ኦፋ ወረዳ፣ ቢጫ ወባ ተነሥቶ ሰው ገድሏል። ይህንን በሽታ የሚያስተላልፉት የትንኝ ዓይነቶች እንቁላል ለመጣል ሰፊ ኩሬ አይፈልጉም፤ በእንሰት ቅጠል ጉያ የቋጠረ ውሃ፣ በተጣለ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳናነሣ አናልፍም። ሆሳዕና ሲደርስ ከአዳራሹ ዘንባባ መሐል ቀንበጡን የሚቆርጡ አሉ። የዘንባባ ግንድ የሚያድገው በዚያች በአንዲት ጫፍ ብቻ ነው፤ እሷ ከተቆረጠች ያ ግንድ አበቃለት። የበዓሉን ዘንባባ ከገበያ ግዙ።

ከዛሬ ጀምሮ ዘንባባዎቹን የሚያጠጣው የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ብቻ ነው። በአዳራሹም ሆነ በግቢው ምንም ዓይነት የእርሻ መርዝ አይገባም። ያ ፕላስቲክ አሁን ጽሕፈት ቤታችን ተቆልፎበት ይገኛል። ቦይ ውስጥ ብንደፋው በኩልፎ ወንዝ አድርጎ ጫሞ ይገባል፤ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ስለዚህ ያመጣው አባል ራሱ ወስዶ የግብርና ባለሙያ ያማክርበት። ስሙን እዚህ አልጻፍንም። እስከ ዓርብ እንጠብቀዋለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት