የውሃ ሞተራችሁ ሲቆም በሬ ለመሸጥ አትቸኩሉ

 

ጥር ሲገባ እኛ ፎገራ አካባቢ አንድ ጥያቄ ይበዛል። «የውሃ ሞተሬ ቆመ፤ ላሠራው ወይስ አዲስ ልግዛ?» ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ ሽንኩርቱ ራስ መያዝ በጀመረበት፣ ውሃ በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ነው። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፣ ከላይኛው አፈር ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ገበሬው ይጨነቃል። ጭንቀቱ ትክክል ነው። ችግሩ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ በሬ ወይም የደረሰ ወይፈን ገበያ ይወጣል፣ አሮጌው ሞተር ጥግ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። በኋላ አሮጌው ሲፈተሽ የጎደለው ካንዴላ ወይም አንድ ሊትር ዘይት ሆኖ ይገኛል።

የእኔን አስተያየት ከመጀመሪያው ልናገር። «ሞተ» ተብሎ የሚጣለው ሞተር ብዙ ጊዜ አልሞተም። በሌላ በኩል በእውነት ያለቀ ሞተር ላይ በየሳምንቱ ገንዘብ ማፍሰስም ቁጠባ አይደለም። ሁለቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። እኔም የእጽዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ያለኝ የልማት ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ማሳችሁ ላይ ቆማችሁ ልታውቋቸው የምትችሏቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፦ የተበላሸው ሞተሩ ነው ወይስ ፓምፑ?

ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ውሃ ካልመጣ ሞተሩን አትውቀሱት። አየር የሚያስገባ ቦታ ፈልጉ። የመሳቢያው ቱቦ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊትና ውሃ የሚይዘው ክዳን በጭቃ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን ውሃ ሞልታችሁ ካላስነሳችሁትም አይስብም። እንዲያውም ደረቁን ሲሽከረከር ውስጡ ያለው የውሃ መዝጊያ ሲል ይቃጠላል።

ሌላም አለ። ወንዙ ከኅዳር እስከ የካቲት እየወረደ ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ኅዳር ላይ በተቀመጠበት ቦታ ይቆያል። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን እንኳ ከ10 ሜትር በላይ መሳብ አይችልም። የእኛ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ እዚህ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ከሳበ በቂ ነው። ጉልበቱም ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ጎረቤት ወረዳ ቆላ ላይ የሚሠራ ሞተር እናንተ ጋ ቢደክም «ዕቃው ውሸት ነው» ለማለት አትቸኩሉ።

መፍትሔው ሞተሩን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው፤ በወንዙ ዳር። ወደ ጉድጓድ ግን ፈጽሞ አታውርዱት! ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ጭስ ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ አለው። የወረደውን ሰው ይገድላል፣ እሱን ላወጣ ብሎ የወረደውንም ይገድላል። ለሽንኩርት ብላችሁ ልጃችሁን አትጡ።

ሁለተኛ፦ ሞተሩ አልነሳም ካለ

ገመዱን እየሳባችሁ ትከሻችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት በቅደም ተከተል እዩ።

ዘይቱን እዩ። ብዙዎቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ዘይት ሲጎድል ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠበቂያ አላቸው። ዘይቱ ካነሰ ወይም ሞተሩ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ እሳት አይሰጥም፣ ጭጭ ይላል። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ አስቀምጡ፣ ዘይት ሙሉ፣ እንደገና ሞክሩ።

ቤንዚኑን እዩ። ከሰኔ ጀምሮ ታንከር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ይበላሻል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይዛል። ይህን ማጽዳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ሞተር መቀየር አይደለም።

ካንዴላውን ፍቱና እዩ። ጥላሸት ከለበሰ አጽዱት፣ ጫፉ ከተበላ ቀይሩት። የአየር ማጣሪያውንም ክፈቱ። በአቧራ ከታፈነ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ይደክማል።

የናፍጣ ሞተር ከሆነ ነዳጁ ካለቀ በኋላ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። አየሩ እስኪወጣ አይነሳም። ይህም የሞተር ሞት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ውስጡ ማለቁን የሚናገሩ ምልክቶች

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሰማያዊ ጭስ ያለማቋረጥ ይወጣል። ዘይት በየቀኑ ይጎድላል። የተቀዳው ዘይት ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ይታያል። ውስጡ እንደ መዶሻ ይመታል። የማስነሻ ገመዱ ስትስቡት ያለ ምንም ትግል ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ኮምፕሬሽን እንደሌለ ይናገራል። አንዳንድ ሞተር ግን ለማስነሳት እንዲቀል ተብሎ ማቅለያ ስላለው፣ ከጎረቤት ተመሳሳይ ሞተር ጋር እየሳባችሁ አወዳድሩ።

ኮምፕሬሽኑ ጠፍቶ ከሆነ አንድ ቀላል ሙከራ አለች። ካንዴላውን ፍቱ፣ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ጨምሩ፣ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡ፣ ካንዴላውን መልሱና እንደገና ሳቡ። አሁን ጉልበት ካገኘ የተበላው የፒስተኑ ሪንግ ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለዘጋው ነው። ለውጥ ከሌለ ግን ጥፋቱ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ቫልቭና ጓርኒሲዮን በአብዛኛው በርካሽ ይሠራሉ። ሲሊንደሩ ከተፋቀ ወጪው ሌላ ነው። ይህን አውቃችሁ ጋራዥ ስትገቡ የሚነገራችሁን ታመዛዝናላችሁ። ሳታውቁ ከገባችሁ የተባላችሁትን ትከፍላላችሁ።

አራተኛ፦ ሒሳቡ

«የማሠሪያው ዋጋ የአዲሱን ግማሽ ካለፈ ጣለው» የሚል አባባል አለ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ይጎድለዋል። የተሠራው ሞተር ስንት ወቅት ይቆያል የሚለውን አይጠይቅም። እኔ የምለው በወቅት አካፍሉት ነው።

ለምሳሌ እንበል፤ ቁጥሩን በገበያችሁ ዋጋ ተኩት። አዲሱ 30,000 ብር ነው፣ 6 የመስኖ ወቅት ይሠራል። ለአንድ ወቅት 5,000 ብር ማለት ነው። አሮጌውን ማሠሪያ መለዋወጫ፣ የእጅ ዋጋና ትራንስፖርት ተደምሮ 9,000 ብር ቢሆንና 3 ወቅት ቢያሠራችሁ ለአንድ ወቅት 3,000 ብር ነው። አሠሩት። ማሠሪያው 12,000 ሆኖ መካኒኩ «ከዚህ ወቅት አያልፍም» ካላችሁ ግን ለአንድ ወቅት 12,000 ከፈላችሁ ማለት ነው። ከግማሽ በታች ነው ብላችሁ ብታሠሩት ከሰራችሁ። እዚህ ላይ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ስለዚህ መካኒኩን «ስንት ነው?» ብቻ አትበሉት። «ከተሠራ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ምን ትቀይራለህ? የወጣውን አሮጌ ዕቃ ታሳየኛለህ?» በሉት። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

እኔ ሳላቅማማ «ቀይሩት» የምለው በሦስት ጊዜ ነው። ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል ከቀደደው፤ መለዋወጫው በአካባቢያችሁ ገበያ ከጠፋ፤ ወይም ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ተሠርቶ አሁንም ሰማያዊ ከጨሰ። ከዚህ ውጭ ላለው መጀመሪያ ሒሳብ ይሠራ።

«ሽንኩርቱ እኮ አይጠብቅም!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አይጠብቅም። ግን ሽንኩርቱ የሚፈልገው ውሃ እንጂ አዲስ ሞተር አይደለም። ለሦስትና ለአራት ቀን ከጎረቤት ሞተር ተከራዩ፣ ወይም ነዳጁን ችላችሁ በተራ ተጠቀሙ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የእናንተው ይፈተሻል። የስድስት ወቅት ውሳኔ በአንድ ጀንበር ጭንቀት አይወሰንም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? ደግሞ የተሸጠው በሬ ሰኔ ላይ ለእርሻ ይፈለጋል። ያን ጊዜ የምትገዙት በጥር በሸጣችሁበት ዋጋ ላይሆን ይችላል። ይህም የሞተሩ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

አምስተኛ፦ አዲስ ከገዛችሁ

ጎረቤቶቻችሁ የያዙትን ዓይነት ግዙ። ይህ ትንሽ ምክር ይመስላል፣ ግን ከማርካው ስም በላይ ይጠቅማችኋል። በአንድ ጎጥ አሥር ሰው አሥር ዓይነት ሞተር ከያዘ መለዋወጫ የሚያመጣ ነጋዴ አይኖርም። አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ነጋዴው ዕቃውን ይይዛል፣ መካኒኩ ይለምደዋል፣ የእናንተም አሮጌ ሞተር ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። አሮጌውን በብረት ዋጋ አትጣሉት። ካርቡሬተሩ፣ ማስነሻው፣ ታንከሩ ገና ይሠራል። ስትገዙም ደረሰኝ ያዙ፣ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ውሃ ሲስብ ሳታዩ አትክፈሉ።

አዲስ መግዛት ግን በሽታውን አያድንም። በአብዛኛው ሞተር የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን አቧራና የቆሸሸ ዘይት ነው። በተለመዱት ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ። 100 ሰዓት ስንት ነው? በቀን 8 ሰዓት ብታጠጡ 13 ቀን እንኳ አይሞላም! «በዓመት አንዴ እቀይራለሁ» የሚል ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ እየቀበረ ነው። የ5.5 ወይም 6.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚይዘው ዘይት ደግሞ ወደ 0.6 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። የሠራበትን ሰዓት ለመቁጠር ልጆቻችሁ ደብተር ላይ ይጻፉላችሁ፣ ወይም በየቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስልኩ ለፌስቡክ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ጊዜ ልናገር። ሞተር የሚሠራው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መካኒኩ ሥራ ፈትቶ፣ እናንተም ሳትጨነቁ። ያኔ «ነገ እመጣለሁ» ብላችሁ መደራደር ትችላላችሁ። ጥር ላይ ግን ዋጋውን የሚተምነው ጭንቀታችሁ ነው። የመጨረሻውን ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ ቤንዚኑን አፍስሱ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ የፓምፑን ውሃ አውጡ፣ ዝናብና አቧራ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ይህን ያደረገ ሰው ኅዳር ላይ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ገመድ ያስነሳል።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ ሞተራችሁ አሁን ቆሞ ከሆነ ምን ምልክት እንዳሳየ ጻፉልኝ፦ የጭሱን ቀለም፣ የዘይቱን ሁኔታ፣ የገመዱን ክብደት። ምልክቱን ሳናውቅ ግዙም ጣሉም አንልም። በሬውን ግን ለጊዜው ከበረት አታውጡት።

መልካም የመስኖ ወቅት! ለጎረቤቶቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።