ጠገራ ብርና የደረጃ ምስክር ወረቀት

ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጠገራ ብር በየሱቁ ለሽያጭ መቅረቡ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው፣ ገዢው በተለይም ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰብሳቢ፣ ብሩን በእጁ ከማገላበጡ አስቀድሞ «ደረጃው በባለሙያ ተመርምሮ ታሽጓል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሻጩም መልስ ሲያጣ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ብሩን በሚዛን ብቻ ለአንጥረኛ ይለቀዋል፣ ወይ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ይጣደፋል። ሁለቱም መንገዶች ሳይሰላባቸው ከተኬደባቸው ኪሣራን የሚያስከትሉ ናቸው።

የገንዘብን ደረጃ መለየት ለኢትዮጵያ ገበያ አዲስ ጥበብ አለመሆኑ መታወቅ ይገባዋል። ማርትሬዛ በአገሩ ሁሉ በሚዘዋወርበት ዘመን ባላገሩ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቈጠረ፣ የተፋቀውንና የደበዘዘውን እየመለሰ፣ ጥርት ያለውን ብቻ ይቀበል እንደ ነበር ብዙ ተጓዦች ጽፈዋል። ማታለልም ቢሆን የቆየ ነው። በ1936 ዓ.ም. ቀን የተመቱት የመዳብ 25 ሳንቲሞች በብር እየተለበጡ እንደ 50 ሳንቲም ይተላለፉ ስለ ነበር፣ በኋላ ጠርዛቸው እንዲሸነሸን ግድ ሆኗል።

ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሠራበት መለኪያ ዊልያም ሼልደን የተባለው አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ቁጥር ነው። 1 ምልክቱ ጠፍቶ ማንነቱ በጭንቅ ለሚታወቅ ብር ሲሰጥ፣ ከ60 ጀምሮ እስከ 70 ያለው በገበያ ላይ ላልዋለ ብር ብቻ ይሰጣል። በ1986 እ.ኤ.አ. ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ተቋቁመው፣ የሚላክላቸውን ገንዘብ እየመረመሩ፣ ቁጥሩን ጽፈው፣ በማይከፈት የላስቲክ ሣጥን እያሸጉ መመለስን ልማድ አደረጉት። ይህ አሠራር ቡና ላኪዎች ከሚያውቁት የደረጃ ምርመራ በዓላማው አይለይም፤ ዕቃውን በዓይኑ ያላየ የሩቅ ገዢ ዋጋ ለመቍረጥ ሦስተኛ ወገን ምስክር ይሻል። ልዩነቱ የቡና ናሙና ለብዙ ኩንታል ሲመሰክር፣ የብር ምርመራ ግን ለአንዲት ፍሬ ብቻ መመስከሩና ወጪውም በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ መውደቁ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ምርመራ መልካም ነው ወይ?» ሳይሆን «ለየትኛው ብር?» መሆን አለበት። በመጀመሪያ ማርትሬዛን እንመልከት ቢባል፣ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ ይኸው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ሲመታ የኖረ ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል፣ ጥራቱም ከ1000 እጅ 833 ስለ ሆነ በውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል። በብዛት ያለና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ተራው ማርትሬዛ ዋጋው ከብሩ ዋጋ እጅግ አይርቅም። ይህን ወደ ውጭ ልኮ ማስመርመር ከፍሬው ይልቅ ለገለባው እንደ መክፈል ይቈጠራል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በፓሪስ ተመትቶ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የተለያየ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ይህ ገንዘብ፣ ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እንዲተካከል ሆኖ የተሠራ ነው። በሚዛን ቢለኩ ሁለቱ ሊለዩ አይችሉም፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ ግን ዓመተ ምሕረቱ፣ አንበሳው ያነሣው እግር ቀኝ ወይም ግራ መሆኑና የመልኩ ጥራት ዋጋውን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። እንግዲህ ምርመራ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው፣ መልኩ ላልተፋቀና ገዢው የሐሰት እንዳይሆን ለሚጠራጠረው ብር ነው።

ስሌቱም ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ብር ሳይመረመር በ100 ዶላር፣ ተመርምሮ በ130 ዶላር ይሸጣል ቢባልና የምርመራው፣ የማጓጓዣውና የመድን ዋስትናው ወጪ በድምሩ 50 ዶላር ቢሆን፣ ሻጩ ለክብሩ ሲል 20 ዶላር ከስሯል። ሌላው ሳይመረመር 500፣ ተመርምሮ 900 ዶላር የሚያወጣ ቢሆን፣ ያው ወጪ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። የምርመራው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም፣ ብሩም ለብዙ ጊዜ ከእጅ የሚርቅ መሆኑ ከስሌቱ ውስጥ ሊዘነጋ አይገባውም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ብሩን ከመሸጥ በፊት ማጠብ ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በብረት ብሩሽ ተፈትጎ እንደ መስታወት የሚያበራ ብር ለአላዋቂ ዓይን ያምር ይሆናል፤ መርማሪዎቹ ግን «የተጠረገ» ብለው ጽፈው ቁጥር ይነፍጉታል። ለአንገት ጌጥ ሲባል ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተበሳም ዕጣው ያው ነው። በዘመን ብዛት የጠቆረ ብር ጥቁረቱ ራሱ የእውነተኛነቱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እንዳለ መተው አለበት።

ሌላው ዐቢይ ጉዳይ ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ጥንታዊ ገንዘብም በዚህ ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፣ «ለምርመራ ልኬ እመልሰዋለሁ» የሚል ሐሳብ ከፈቃድ አያድንም። ላኪው አስቀድሞ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅና ጽሑፍ መያዝ ይገባዋል፤ በጉምሩክ የተያዘ ብር ምንም ደረጃ ቢሰጠው ለባለቤቱ ጥቅም የለውም። አስቀድሞ በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እጅ የሚገኘው ውርስ ግን ለመርማሪዎቹ ቅርብ በመሆኑ፣ ለእነርሱ ስሌቱ ይቀላል።

የደረጃው ቁጥር የባለሙያ አስተያየት እንጂ የማይሻር ፍርድ አይደለም። ያው ብር ሁለተኛ ጊዜ ቢላክ ቁጥሩ በአንድ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ሐሰተኞችም ሣጥኑን ራሱን አስመስለው ስለሚሠሩ፣ የታሸገ ብር የሚገዛ ነጋዴ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ሳያመሳክር ገንዘቡን መክፈል የለበትም።

ለሌላው ብር ሁሉ የሱቁ ጥንቃቄ ይበቃል። ግራምን በመቶኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ አጕሊ መነጽርና ማግኔት እጅግ ውድ ዕቃዎች አይደሉም። እውነተኛ ማርትሬዛ በጠርዙ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ይዟል፤ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ጠርዝ ላይ ይጋለጣል። ማግኔት የሚስበውም ብር አይደለም። ነጋዴው ያየውን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ይኸውም ክብደቱን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የታጠበ ወይም የተበሳ መሆኑን ቢገልጽ፣ የእርሱ ቃል ለደንበኛው ምስክር ይሆናል።

የተቸገረች እናት የአያቷን የምኒልክ ብር ይዛ ወደ ሱቅ ስትመጣ የምታምነው የነጋዴውን ሚዛንና ቃል ነው። ዋጋ ያለውን ብር በአንጥረኛ ዋጋ መግዛት ለአንድ ቀን ትርፍ ይሰጥ ይሆናል፤ የቀለጠ የምኒልክ ብር ግን ዳግመኛ አይመታም፣ የጠፋ እምነትም በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ተራውን በራሱ ዓይን ይለያል፣ ብርቅ የሆነውን በፈቃድ ያስመረምራል፣ ለሁለቱም ባለቤቶች እውነቱን አስቀድሞ ይነግራል።