እንደ ወንዙ መሻገር

«እንደ አገሩ ይኖሯል፤ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ መተማ ላይ በዓይን ይታያል። መተማ ዮሐንስንና የሱዳኑን ገላባት የሚለያቸው አንድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ነገር ግን ድልድዩን የተሻገረ ሰው የሚገባው ወደ ሌላ ሰዓት፥ ወደ ሌላ ሳምንትና ወደ ሌላ የሥራ ልማድ ነው።

ወደ ንግድም ሆነ ወደ መንግሥት ሥራ የሚገባ ወጣት ይህን አስቀድሞ ያላወቀ እንደ ሆነ፥ ሰሊጥ የጫነው መኪና ድንበር ላይ ሲቆምበት ጎረቤቱን «ሰነፍ ነው፤ ቃሉን አይጠብቅም» ብሎ ይነቅፈዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከስንፍና የመጣ አይደለም።

የእኛ ሰው «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ሲል ጧት ማለቱ ነው፤ ሱዳናዊው ግን ከቀትር በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት ያስባል። በዚያም ላይ ሱዳን በ2010 ዓ.ም. ሰዓትዋን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፥ የእርሱ ሦስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱም ቃላቸውን አክብረው በሰባት ሰዓት ይተላለፋሉ ማለት ነው።

ሳምንቱም እንዲሁ ነው። የሱዳን መሥሪያ ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ አርፈው እሑድ ይሠራሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ እሑድ ያርፋሉ። ስለዚህ የሁለቱን ወገን ማኅተም የሚሻ ጉዳይ ሐሙስ ካመለጠው እስከ ሰኞ ይቆያል፤ የመቆየቱም ኪሣራ ዞሮ ዞሮ በገበሬው ላይ ይወድቃል።

ሱዳኖች ጧት ሥራ ገብተው ቁርሳቸውን ረፋድ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በአንድ ማዕድ ይበላሉ። በዚያ ሰዓት ወረቀት ይዞ የሚቆጣ እንግዳ ጉዳዩን ያዘገያል እንጂ አያፋጥንም፤ ሲጋብዙት ቀርቦ የቆረሰ ግን ወዳጅ ያተርፋል።

የሰውን ልማድ ማወቅ የራስን መጣል አይደለም። መተማ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጦርነት የወደቁባት ምድር ናት፤ ከዚያም አስቀድሞ የጎንደር ነጋዴዎች ቡናና ሰም ይዘው የሚወርዱባት ገበያ ነበረች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻግረዋል። ጦርነቱ ንግዱን ቢያደናቅፍም መተዋወቁ አልቀረም። እንግዲህ እንግዳው እኛ ብቻ አይደለንምና፥ እኛም የረቡዕና የዓርብ ጾማችንን፥ ዘመን አቆጣጠራችንንና ሰዓታችንን ሳንሰለች ልናስረዳቸው ይገባናል።

ወጣት ሹም ሆይ፥ ቀጠሮ ስትሰጥ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ። ይህች አንዲት መስመር የገበሬውን ድካምና የጎረቤትን ወዳጅነት ከከንቱ ኪሣራ ታድናለች።