ተጸልዮላቸው ሕመሙ ላልለቀቃቸው

የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 2፥1-12

በእሁድ አምልኮ መሪው «ሁላችንም እንቁም» ሲል የማይቆሙ ሰዎች አሉ። በአጥቢያችን አንዲት እናት ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የወገብ ሕመም ከያዛቸው አራት ዓመት አልፏል። በመጀመሪያው ዓመት የታመሙ ለጸሎት ሲጠሩ ወደ ፊት ይወጡ ነበር፤ አሁን አይወጡም። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ደግሜ ስወጣ ሰዉ ‹ዛሬም አልዳኑም እንዴ?› የሚለኝ ይመስለኛል፤ አፍራለሁ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ሕመሙ ሳያንሳቸው ኀፍረት ጨመርንባቸው ማለት ነው።

ጌታ ይፈውሳል። አምናለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ጌታን ለምኖ መውጊያው እንዳልተወሰደ፣ ይልቁንም ጸጋ እንደተሰጠው ራሱ ጽፎልናል (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። ጢሞቴዎስ ሆዱን ደጋግሞ ሲያመው ጳውሎስ እምነቱን አልመረመረም፤ ለሆዱ የሚረዳውን ነገር እንዲወስድ መከረው (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)። ሕመም የቆየበትን ሰው «እምነትህ አንሶ ነው» የምንል ሰዎች ይህን ለጢሞቴዎስ ልንለው እንደፍር ይሆን?

እኚህ እናት ወደ ጤና ጣቢያም ሄደዋል፤ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። በሄዱ ቁጥር አዲስ ባለሙያ ያገኛቸዋል፣ ታሪካቸውን ከመጀመሪያ ይናገራሉ፣ የማስታገሻ ክኒን ተጽፎላቸው ይመለሳሉ። ክኒኑ ጤና ጣቢያው ከሌለ ከውጭ ይገዛሉ። ቆይተው መመላለሱ ሲያደክማቸው ራሳቸው ፋርማሲ እየሄዱ ዳይክሎፌናክ መግዛት ጀመሩ፤ ወራት ሙሉ ወሰዱት። ይህ መድኃኒት ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ሊያቆስልና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል የነገራቸው አልነበረም። በመካከሉ ወጌሻ ጋ ሄደው ታሽተዋል፤ ሕመሙ ብሶባቸው ተመለሱ።

ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። በራፉ ላይ ሰልፍ የሚጠብቃት፣ ግምጃ ቤቷ ባዶ የሆነባት ነርስ ምን ታድርግ? ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመምተኛ ካርድና የቀጠሮ ቀን ይያዝለታል። ሕመም የጸናበት ሰው ግን በብዙ ቦታ እንደ እንግዳ ይመጣል፣ እንደ እንግዳ ይሄዳል። የሕክምናው ዓለም ግን ከሦስት ወር በላይ የቆየን ሕመም ለብቻው ክትትል እንደሚያስፈልገው በሽታ ያየዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል።

ከጤና ጣቢያችን የምንጠይቀው ሰማይ የሚደርስ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ የታወቀ የክትትል ቀን ይኑር፤ ያው ካርድ፣ ቢቻል ያው ባለሙያ። መድኃኒቱ እንዴትና እስከ መቼ እንደሚወሰድ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያለው ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ የሚያሳያቸው አንድ የሠለጠነ ሰው ይኑር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ይጠይቃሉ፤ «በዚህ ቤት በሕመም ምክንያት እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ?» ብለውም ይጠይቁ። በካንሰር ለሚሠቃዩ ደግሞ የሚዋጥ ሞርፊን እንዳይጠፋ ይደረግ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ ለብርቱ የካንሰር ሕመም የመከረው መድኃኒት ነው። በሐኪም ትእዛዝና በጥንቃቄ የሚሰጥ ማስታገሻ ስለሆነ ቤተሰብ በስሙ ብቻ ሊደነግጥ አይገባም።

አንዳንዱ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ምን አገባት?» ይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወንጌልን ይዞ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የሄደውን የመጀመሪያውን የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን የመሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበሩ። ወንጌልና ሕክምና ወደ ብዙዎቹ መንደሮቻችን የገቡት በአንድ በር ነው። ደግሞም ወረዳ መመላለስን እናውቅበታለን። ለአጥቢያ መሬትና ለመቃብር ቦታ ስንት ደብዳቤ ጽፈናል፣ ስንት ቀን ደጅ ጠንተናል! ለሞቱት ወገኖቻችን ማረፊያ ለማግኘት የተመላለስነውን ያህል፣ በሕመም ለሚኖሩት ተመላልሰን እናውቃለን?

ጤና ጣቢያዎች የማኅበረሰብ ተወካይ የሚቀመጥበት ቦርድ አላቸው። ሽማግሌዎቻችን ተወካዩን ያግኙትና ጥያቄያችን በስብሰባው ላይ እንዲነሣ ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ፤ ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል ያቃታቸውን ምእመናን የዲያቆናት አገልግሎታችን ይቁጠራቸው፣ ይክፈልላቸው። ብቻውን መሄድ ለሚከብደው ሰው አንድ ወጣት አብሮት ባጃጅ ይሳፈር፣ ሰልፉን ይያዝለት። ከመድረክም በግልጽ ይነገር፦ ለጸሎት የወጣ ሰው ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒቱን አይጣል።

በንባባችን ውስጥ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። በሩ በሰው ተጨናንቆ ነበር። «የጌታ ፈቃድ አይደለም» ብለው አልተመለሱም፤ ጣራውን አፍርሰው አወረዱት። ወንጌሉ የሚነግረን ጌታ የተሸካሚዎቹን እምነት እንዳየ ነው። ስለዚህ ሕመም የጸናበት ወንድም ሲመጣ የሱን እምነት ከመመዘናችን በፊት የእኛ እምነት ከአልጋው በየትኛው ጫፍ እንደያዘ እንመርምር። ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያለህ ወዳጄም፣ ሕመምህ የርሱ ጥላቻ ምልክት ነው ያለህ ሰው ካለ፣ እባክህ አትስማው።

እኚያ እናት አሁንም ያማቸዋል። ነገር ግን ወገባቸውን የሚደግፍ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦላቸዋል፤ ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አንዲት እህት አብራቸው ሄዳ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው አሳየችላቸው። ያለፈው እሁድ የታመሙ ለጸሎት ሲጠሩ ተነሥተው ወጡ። አብረናቸው ወጣን።

ጌታ ሆይ፣ እንድትፈውስ እንለምንሃለን። እስክትፈውስ ድረስም፣ ለመሸከም የማይታክት ትከሻ ስጠን። አሜን።