ማስጠንቀቂያውን አታፍኑት

ኮምፓይለሩ «ይህ ዲፕሪኬትድ ሆኗል»፣ ማለትም ወደፊት ይቀራል፣ ሲል ብዙ የፕሮግራመር ቡድኖች ማስጠንቀቂያውን አፍነው ያልፋሉ። እየሠራ ያለን ነገር ማን ይነካል? ይህ ልማድ በጽሑፍ ፍለጋ ሥራ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

ሉሲንን እንይ። ዳግ ከቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ይህ የጃቫ ላይብረሪ ዛሬ የኢላስቲክሰርችም የሶለርም መሠረት ነው። በሴፕቴምበር 2009 ቨርዥን 2.9 ወጣ፤ በኖቬምበር 3.0 ተከተለ። የ3.0 ዋና ሥራ በ2.9 «ይቀራል» የተባለውን ጠርጎ ማውጣት ነበር። ስለዚህ ብልሁ መንገድ መጀመሪያ ወደ 2.9 መምጣት፣ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ማጥራት፣ ከዚያ መሻገር ነው። በቀጥታ የዘለለ ሰው አሮጌውን ክላስ ያጣዋል፤ «በዚህ ተካው» የሚለው ማስታወሻም አብሮ ተሰርዟል።

የሚሰረዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሂትስ የተባለው ክላስ ወደ ኋላ ያሉትን ውጤቶች ሲጠይቁት ፍለጋውን እንደገና ያካሂድ ነበር። የተካው ቶፕዶክስ ግን ስንት ውጤት እንደሚፈለግ አስቀድሞ ይነገረዋል። ስም ቀይሮ ማለፍ አይበቃም፤ ውጤቱ በገጽ የሚከፋፈልበት መንገድም አብሮ ይታሰባል።

ኮዱ ኮምፓይል ስለሆነ ብቻም ፍለጋው ደኅና ነው ማለት አይደለም። «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን አንድ የሚያደርግ የአማርኛ ማጣሪያ የነበረው ሰው በ3.0 «ነክስት» የሚለውን ሜተድ ትቶ በ«ኢንክሪመንትቶክን» መጻፍ ግድ ሆነበት። አዲሱ ማጣሪያ ከአሮጌው በአንዲት ፊደል ቢለይ፣ ፈላጊው የጻፈው ቃል ኢንዴክሱ ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም። የስህተት መልእክት የለም። ሰነዱ እዚያው እያለ ሰውዬው «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል፤ የጠፋበትንም አያውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ከማሻሻሉ በፊት መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎችን ሰብስቡ፤ በአሮጌውም በአዲሱም ፈትኑ፤ ማጣሪያው ከተለወጠ ኢንዴክሱን ከመነሻው ሥሩ። ዋናዎቹን ሰነዶችም አትጣሉ። ሉሲን 8 በ6 የተፈጠረን ኢንዴክስ፣ በ7 በኩል ታድሶ ቢመጣ እንኳ፣ አይከፍትም። ለዚህ ሁሉ የሥራ ኃላፊዎች ጊዜ ይመድቡ፤ ፕሮግራመሩ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራው ሥራ አይደለም።